ቱታንካሙንን ማየት ለምትፈልጉ፦ ወርቁን መጨረሻ ላይ አድርጉት

ግብፅ ሄዶ ስለ ጥንቱ ፈርዖን ቱታንካሙን ሳይሰማ ሚመለስ ሰው የለም፣ ግን አብዛኛው ሰው ሚያየው ሬሳው ፊት ላይ የነበረውን የወርቅ ጭምብል ነው። ወርቁ ፊት ይጋፋል፣ ሰልፊውን ይነሳል፣ በቃ አየሁት ብሎ ይወጣል። እኔ ምመክራችሁ ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ፎቶዎቹን እዩ፣ ከዛ ሉክሶር ሄዳችሁ መቃብሩን፣ ከዛ ካይሮ ተመልሳችሁ ዕቃዎቹን፣ ከዕቃዎቹም ወርቅ ያልሆኑትን ቀድማችሁ፣ ጭምብሉ የመጨረሻ መጨረሻ። ምክንያቱም ይሄ ልጅ (ልጅ ምለው ሲሞት 18 ወይ 19 ዓመቱ ስለነበር ነው) ዝናውን ያገኘው በወርቁ ቢሆንም ወርቁ ስለሱ ሚነግራችሁ ትንሽ ነው። ጥድፊያ የበዛበት ቀብር፣ የተመሰቃቀለ ቤተሰብ፣ ከልጅነት ወንበሩ እስከ ውስጥ ሱሪው ድረስ ተጠቅልሎ አብሮት የገባ ኑሮ... መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ሊጠግበው ያልቻለው እሱን ነው፣ እሱን ለማየት ግን ምን እንደምታዩ ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ሌላ አቧራማ ዕቃ ነው ሚመስላችሁ።

በነገራችን ላይ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው።

ማን ነው ለሚል ባጭሩ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1330ዎቹ አካባቢ በ8 ወይ በ9 ዓመቱ ነገሠ፣ 9 ዓመት ያህል ገዛ፣ ሞተ። በ2010 የወጣው የዲኤንኤ ጥናት እንደሚጠቁመው አባቱ አኬናተን ነው፣ ያ የድሮዎቹን አማልክት ገፍቶ አተን ሚባለውን የፀሐይ ክብ ብቻ አምልኩ ያለው፣ ባዶ በረሃ ላይ አዲስ ዋና ከተማ የቆረቆረው ንጉሥ። ልጁ መጀመሪያ ቱታንካተን ነበር ሚባለው፣ አባትየው ሞቶ አገሩ ወደ ድሮ ሃይማኖቱ ሲመለስ አተን ወጥቶ የድሮው አምላክ አሙን ገባና ቱታንካሙን ሆነ። ሚስቱ አንኬሰናሙን የአኬናተንና የዋና ሚስቱ የኔፈርቲቲ ልጅ ናት፣ ማለትም በአባት እህቱ። በዛው ጥናት መሠረት እናቱም የአባቱ የገዛ እህት ናት። እንግዲህ ይሄን ቤተሰብ በወረቀት ላይ ዛፍ አድርጋችሁ ለመሳል ብትሞክሩ ራሳችሁን ያዞራችኋል። ወራሽ ልጅ ሳይተው ስለሞተ አይ ሚባል ሽማግሌ ባለሥልጣን ነገሠ፣ ከሱ ቀጥሎ የጦር አዛዡ ሆረምሄብ፣ ከዛ የመጡት ነገሥታት ደግሞ ያንን ዘመን በሙሉ ሰረዙት፤ አቢዶስ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም። የጠቀመው ግን ይሄ መረሳቱ ነው። ከሱ ወደ 180 ዓመት ቆይቶ ራምሴስ 6ኛ ጎኑ ላይ ከፍ ብሎ መቃብር ሲያስቆፍር ሠራተኞቹ የቱታንካሙን መግቢያ ላይ ጎጆ ሠርተው ተቀመጡበት፣ ከሥራቸው ምን እንዳለ ያወቀ የለም።

እኛ አገር ደግሞ ፈርዖን ሲባል ቶሎ ሚመጣው ሙሴ ስለሆነ «እስራኤልን ያሳደደው እሱ ነው እንዴ» ሚል ጥያቄ አይቀርም። ኦሪት ዘፀአት የፈርዖኑን ስም አይጠራም፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሚገምተው ራምሴስ 2ኛን ነው፣ እሱ ደግሞ ከቱታንካሙን በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ቀይ ባሕርን ከዚህ ልጅ ጋር አታገናኙት።

ቤት ሆናችሁ ምትሠሩት

ኢንተርኔት ላይ ስለሱ ያለው ነገር ግማሹ ተረት ነው፣ ስለዚህ ከምንጩ ጀምሩ። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር መቃብሩን ያገኘ ጊዜ (የመጀመሪያዋ ደረጃ የታየችው ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1922 ነው) ዕቃውን ዝም ብሎ ዘርግፎ አላወጣም። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ተሰጠው፣ ካርድ ተጻፈለት፣ ሃሪ በርተን ሚባል ፎቶግራፈር ካለበት ሳይነሳ ፎቶ አነሳው፣ ሥራው አሥር ዓመት ፈጀ። ካርዶቹ፣ ማስታወሻ ደብተሮቹ፣ ፎቶዎቹ ሁሉ ኦክስፎርድ ያለው ግሪፊዝ ኢንስቲትዩት እጅ ናቸው፣ ድረገጹ ላይ በነፃ አስቀምጧቸዋል። ገብታችሁ የመጀመሪያውን ክፍል ፎቶዎች ብቻ እዩ። አልጋዎቹ ሥር ነጫጭ እንቁላል ሚመስሉ ሣጥኖች ተደርድረዋል፣ እነዛ ውስጥ ዳክዬና ሥጋ ነው ያለው፣ ስንቁ ነው። አንዱ ጥግ ላይ የተፈታቱ ሠረገሎች ተቆልለዋል፣ በበሩ ሳይፈታቱ አልገባ ብለው። መቃብር ሳይሆን ቤት እየለቀቀ ያለ ሰው ዕቃ ነው ሚመስለው። ይሄን ፎቶ ሳታዩ ሉክሶር ከሄዳችሁ ያ ባዶ ክፍል ምንም አይላችሁም፣ ለዚህ ነው አጥብቄ ምላችሁ።

ሌላ ደግሞ ሁለቱ መለከቶች አሉ፣ አንዱ ብር አንዱ ነሐስ፣ በ1939 ቢቢሲ ካይሮ ሙዚየም ውስጥ አስነፍቶ በሬዲዮ አስተላልፏቸዋል፣ ቅጂው ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከ3000 ዓመት በላይ የቆየ መለከት ድምፁ ምን እንደሚመስል ስሙት፣ ቀጭንና ጆሮ ሚበሳ ነገር ነው፣ እኔ በጣም ነው ምወደው።

አሁን ተረቱን እናጥራ ምክንያቱም ጋይዱም፣ ቲክቶኩም፣ አጠገባችሁ ያለው ቱሪስትም እሱኑ ነው ሚደጋግሙላችሁ።

መቃብሩን የከፈተ ይሞታል ሚለውን እርግማን በተመለከተ፦ ገንዘቡን ያወጣው እንግሊዛዊ ባለሀብት ሎርድ ካርናርቮን መቃብሩ ከተከፈተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አፕሪል 5 ቀን 1923 ካይሮ ውስጥ ሞተ። የወባ ትንኝ አይነት ንክሻ ነበረችበት፣ ሲላጭ ጫራት፣ ደሙ ተመረዘ፣ የሳንባ ምች ተጨመረበት፣ ያኔ ደግሞ አንቲባዮቲክ ሚባል ነገር የለም። ግን ካርናርቮን ቀደም ብሎ የመቃብሩን ዜና ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ብቻ ሸጦት ነበር፣ ሌሎቹ ጋዜጦች ምን ይጻፉ? እርግማን ጻፉ። በ2002 የብሪታንያ የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት መቃብሩ ሲከፈት የነበሩትን 25 ሰዎች እዛው ግብፅ ከነበሩ ሌሎች ፈረንጆች ጋር አነጻጽሮ እርግማን አገኘሁ አላለም፣ ትርጉም ያለው ልዩነት የለም ነው ያለው። ካርተር ራሱ፣ ሬሳውን የነካው ሰውዬ፣ እስከ 1939 ኖሮ በ64 ዓመቱ ነው የሞተው። በሩ ላይ «የነካኝ ይሙት» ተብሎ ተጽፏል ሚሏችሁ ደግሞ የለም፣ አልተገኘም።

ጭንቅላቱን ተመትቶ ተገደለ ሚለው በ1968 ከተነሳ ራጅ የመጣ ግምት ነው፣ በ2005 ሲቲ ስካን ሲነሳ ያ ውድቅ ሆነ። የግራ ጭኑ ተሰብሮ እንደነበር ታየ፣ በኋላ የተሠራው የዲኤንኤ ምርመራ የወባ ተሕዋሲ አገኘበት፣ እግሩም ላይ የአጥንት ችግር ነበረበት። የቱ እንደገደለው ምሁራኑ አልተስማሙም፣ ስለዚህ «ምስጢሩ ተፈታ» ሚል ርዕስ ስታዩ እለፉት። ከግድግዳው ጀርባ የኔፈርቲቲ ክፍል አለ ሚለውም በ2015 ዓለምን ያንቀጠቀጠ ሐሳብ ነበር፣ በ2018 የጣልያን ባለሙያዎች በራዳር ሲያዩት ምንም ክፍል የለም ብለዋል። መቃብሩ ውስጥ የተገኘው ጩቤ ከሰማይ በወደቀ ብረት ነው የተሠራው ሚለው ግን እውነት ነው፣ ውስጡ ያለው የኒኬልና የኮባልት መጠን በ2016 ተለክቶ የተወርዋሪ ኮከብ ብረት እንደሆነ ተረጋግጧል። እዩት እንግዲህ፣ እውነቱ ከተረቱ ያላነሰ ነው።

ጉዞው

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቪዛውን ከኤምባሲው ቀድሞ ያውጣ፣ የሌላ አገር ፓስፖርት ያላችሁ ደንቡን እዩት። ከአዲስ አበባ ካይሮ በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከካይሮ ሉክሶር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት፣ በባቡር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሂዱ፣ በበጋቸው ሉክሶር ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ሸለቆው ውስጥ ዛፍ ሚባል የለም።

ሆቴሉ ብዙውን ጊዜ በዓባይ ምሥራቅ ዳር ነው ያለው፣ መቃብሩ ያለበት የነገሥታት ሸለቆ ደግሞ በምዕራቡ። ቱሪስት ብቻ ሚጫንበት ጀልባ አያስፈልጋችሁም፣ የአገሬው ሰው ሚሻገርበት ፌሪ አለ፣ ከሉክሶር ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት ይነሳል፣ ማዶ ወርዳችሁ ታክሲ ትይዛላችሁ (ዋጋውን ሳትገቡ ተስማሙ፣ ከገባችሁ በኋላ ወሬ የለም)። ሸለቆው በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው ሚከፈተው፣ ያኔ በሩ ላይ ሁኑ። የአስጎብኚ አውቶቡሶቹ ሳይመጡ ከገባችሁ መቃብሩ ውስጥ ብቻችሁን ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ረፋዱ ላይ ከሆነ ግን ከኋላችሁ ያለው ሰው እየገፋ ነው ሚያስወጣችሁ።

ትኬቱ ላይ ሰው ሚሳሳተው ይሄን ነው፦ መደበኛው የሸለቆ ትኬት ሦስት መቃብር ያሳያል፣ ቱታንካሙን እዛ ውስጥ የለም፣ የራሱ ተጨማሪ ትኬት አለው፣ ሁለቱንም እዛው መግቢያው ላይ ነው ምትገዙት፣ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ትዝ ካላችሁ ተመልሳችሁ መውጣት ነው። የባንክ ካርድ ያዙ። ከተቻለ የራምሴስ 6ኛንም ጨምሩ፣ እሱም ተጨማሪ ይከፈልበታል። ጎን ለጎን ናቸው፣ የሱን ግዙፍ መቃብር አይታችሁ ወዲያው የልጁ ጋ ስትገቡ ነው ልዩነቱ ሚታያችሁ።

መቃብሩ ውስጥ

ደረጃው 16 ነው፣ ከዛ አጭር ኮሪደር፣ ከዛ አለቀ። አራቱም ክፍል ተደምሮ 110 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ማለት ነው፣ ለዛውም ሥዕል ያለው አንዱ ክፍል ብቻ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ይቺው ናት እንዴ?» ብሎ ተናዶ ይወጣል። ግን ዋናው ነገር ትንሽነቱ ነው። ንጉሡ ሳይታሰብ ሞተ፣ የሱ ትልቅ መቃብር አልተዘጋጀም ነበር፣ ሬሳው ደግሞ በ70 ቀን ውስጥ ደርቆ፣ ተጠቅልሎ፣ መቀበር አለበት። ስለዚህ ለሌላ ሰው የተፈለፈለ ትንሽ መቃብር ተገኘለትና እዛ አስገቡት። ብዙ ተመራማሪዎች ለሱ ታስቦ የነበረው ትልቁ መቃብር ያ ተከትሎት የነገሠው አይ የተቀበረበት ነው ይላሉ። ሽማግሌው ዙፋኑንም መቃብሩንም ወሰደ እንደማለት።

ጥድፊያውን በዓይናችሁ ፈልጉት። ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ቡናማ ነጠብጣቦች አሉ፣ ፊቱም ላይ አማልክቱም ላይ፣ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። ጌቲ ሚባለው የአሜሪካ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ለዓመታት መቃብሩን ሲያድስ አጥንቷቸዋል፣ ድሮ የሞቱ ረቂቅ ተሕዋሲያን ናቸው፣ ቀለሙና ልስኑ ሳይደርቅ ስለተዘጋ ሳይሆን አይቀርም የበቀሉት። መሐል ላይ ያለውን የድንጋይ ሣጥን እዩ፣ ጥግ ጥጉን ክንፋቸውን ዘርግተው ያቀፉት አራት አማልክት አሉ፣ ድንቅ ሥራ ነው። ክዳኑ ግን ከሌላ ድንጋይ የተሠራ ነበር፣ ለዛውም መሐሉ ተሰንጥቆ በልስን ተደፍኖ ቀለም ተቀብቶ ነው የተገኘው። ትልቁ የሬሳ ሣጥን ደግሞ እግሩ ጋ ከፍ ብሎ ክዳኑ አልገጥም ሲል ጣቶቹን ጠርበውለታል፣ ፍርፋሪው ከሥሩ ተገኝቷል። እዛው ቆማችሁ አስቡት፣ ወርቅ የተለበጠ የንጉሥ ሣጥን እግር በመጥረቢያ ሲጠረብ፣ ካህናቱ ዳር ቆመው ቶሎ በሉ ሲሉ።

አሁን ፊት ለፊታችሁ ያለውን የሰሜን ግድግዳ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡት። መጀመሪያ የነብር ቆዳ የለበሰ ሰማያዊ ዘውድ የደፋ ሰው፣ እጁ ላይ መሣሪያ ይዞ ከፊቱ የቆመውን ሬሳ አፍ ሲከፍት ታያላችሁ፣ የሞተው ሰው በወዲያኛው ዓለም እንዲበላ፣ እንዲናገር ሚደረግ ሥርዓት ነው። ያ ሰው አይ ነው። ብዙዎች ይሄን ሥዕል አይተው ያልፉታል እንጂ ከመቃብሩ ሁሉ በጣም ፖለቲካ ያለበት ቦታ ነው፤ አባትን ቀባሪ ልጅ ነው፣ ቀባሪው ደግሞ ወራሽ ነው፣ አይ የሟቹ ልጅ አይደለም፣ ግን ቀብሩ ገና ሳያልቅ ዘውድ ደፍቶ ራሱን እዛ ላይ አሳለ። መሐሉ ላይ ኑት ሚሏት የሰማይ አምላክ ልጁን ትቀበለዋለች፣ ግራው ጫፍ ላይ የሙታንን አምላክ ኦሳይረስን አቅፎ ይታያል፣ አለቀ፣ ደረሰ። በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ላይ ሬሳውን በገመድ ሚጎትቱ 12 ሰዎች አሉ፣ ግንባራቸው ላይ የሐዘን ነጭ ሻሽ አስረዋል፣ ከነሱ ሁለቱ ራሳቸውን የተላጩት የመንግሥቱ ሁለት ታላላቅ ሹማምንት ናቸው።

በስተግራ ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ 12 ዝንጀሮዎች በየሳጥናቸው ቁጭ ብለዋል። ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ እዚህ ጋ ትንሽ ቆዩ። ዝንጀሮዎቹ የመጀመሪያዋን የሌሊት ሰዓት ሚያሳየው የሙታን ዓለም መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ናቸው፣ ፀሐይን ሚያመሰግኑ። ግብፅ ውስጥ ግን የዱር ዝንጀሮ አልነበረም። ቤተ መቅደስ ውስጥ ሚያኖሯቸውን ዝንጀሮዎች ከውጭ ነበር ሚያስመጡት፣ በ2020 የወጣ ጥናት የደረቁ የዝንጀሮ ሬሳዎችን ጥርስና ፀጉር መርምሮ ከኛው ቀጠና፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከጅቡቲና ከሶማሊያ አካባቢ እንደመጡ አሳይቷል። ያ አዋሽ ፓርክ ስትሄዱ ትከሻው ላይ ግራጫ ጎፈሩን ነስንሶ ሚያያችሁ ዝንጀሮ ዘመዱ ነው እዛ ግድግዳ ላይ ያለው።

ልጁ ራሱ እዛው ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ከ2007 ጀምሮ ሙቀትና እርጥበቱ ሚቆጣጠር የመስታወት ሣጥን ውስጥ ፊተኛው ክፍል ላይ ተኝቷል፣ ጭንቅላቱና እግሩ ብቻ ይታያል፣ የቀረው ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁ ከሥሩ ምን እንደሚሸፍን እወቁ፦ ሲቀበር ሬሳው ላይ ያፈሰሱት ጥቁር ሙጫ ከሣጥኑ ጋር አጣብቆት ስለነበር በ1925 የካርተር ሰዎች ለማውጣት ቆራርጠውታል። ሞባይል አውጥታችሁ ፊቱ ላይ አትደቅኑ፣ ሕግ ስለሚከለክል ሳይሆን ሰው ስለሆነ። ሌላ ቦታ ሞባይል ይፈቀዳል፣ ፍላሽ ግን አይቻልም። ጠባቂው በባትሪ እያበራ «ይሄን እይ ይሄን እይ» ካላችሁ ገንዘብ ነው ሚፈልገው፣ መስጠት ካልፈለጋችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ከወጣችሁ በኋላ የካርተር ቤት ጋ ጎራ በሉ። አጠገቡ ከ2014 ጀምሮ የመቃብሩ ትክክለኛ ቅጂ አለ፣ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ሳይቀር ተገልብጧል። ውሸት ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ማንም ሳይገፋችሁ አፍንጫችሁን ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ምታዩት እዛ ነው። ካርተር የድንጋይ ሣጥኑን ከበው የነበሩትን ትላልቆቹን ወርቅ የተለበጡ የእንጨት ቤቶች ለማውጣት ያፈረሰው የደቡብ ግድግዳ ሥዕልም ከበርተን ፎቶ ተሠርቶ እዛ አለ፣ ዋናው መቃብር ውስጥ አታገኙትም።

ካይሮ፣ ዕቃዎቹ

ድሮ ቢሆን ታህሪር አደባባይ ያለው አሮጌው ሙዚየም ሂዱ ነበር ምላችሁ። አሁን ስብስቡ ጊዛ ፒራሚዶቹ አጠገብ ወደተሠራው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ሄዷል፣ ኖቬምበር 2025 ሲከፈት ነው ከ5000 በላይ የሆኑት የመቃብሩ ዕቃዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ የታዩት። አሮጌ ጋይድ ቡክ ይዛችሁ ታህሪር እንዳትሄዱ። ትኬቱን ቀድማችሁ ኦንላይን በሰዓት ቁረጡ፣ ሙሉ ቀን መድቡለት፣ መግቢያው ላይ ያለውን 11 ሜትር የራምሴስ 2ኛ ሐውልት ሰላም ብላችሁ ቀጥታ ወደ ቱታንካሙን አዳራሽ።

ገብታችሁ ግርግሩን ተከትላችሁ ጭምብሉ ጋ አትሂዱ። ልብሱን ፈልጉ። ወደ 145 ሚጠጋ የውስጥ ሱሪ ነው ከመቃብሩ የወጣው፣ ሦስት ማዕዘን የበፍታ ጨርቅ፣ ጓንት ሁሉ አለው። ጫማዎቹን ፈልጉ፣ አንዱ ጥንድ ሶሉ ላይ የታሰሩ ጠላቶች ተስለውበታል፣ በተራመደ ቁጥር እንዲረግጣቸው፣ ይሄ ደግሞ ለአንድ ጎረምሳ ንጉሥ እንዴት ሚስማማ ሐሳብ ነው። በትሮቹን እዩ፣ ወደ 130 ናቸው፣ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ያለቀ ስለሆነ በርግጥ ይመረኮዛቸው ነበር ሚሉ አሉ፣ ከእግሩ ችግር ጋር አያይዛችሁ አስቡት። አንዱ ተራ ሸምበቆ ነው፣ ወርቅ ተለብጦበት «ግርማዊነታቸው በገዛ እጃቸው የቆረጡት» ሚል ተጽፎበታል። ከዛ ሁሉ ዕቃ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው ምመርጠው፣ አንድ ልጅ ወንዝ ዳር ሸምበቆ ቆርጦ ሲያወዛውዝ ምን እንደተሰማው ለመረዳት ግብፅኛ ማወቅ አያስፈልግም።

ተጣጥፎ ሦስት ሚሆነው አልጋ አለ፣ ለጉዞ የተሠራ። የልጅነቱ ትንሽ የዞጲ ወንበር አለች። ወይን ጠጅ የያዙት ማሰሮዎች ላይ የስንተኛ ዓመት ምርት እንደሆነ፣ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ፣ ጠማቂው ማን እንደሆነ ተጽፏል፣ የዛሬ ጠርሙስ ላይ ካለው ያልተናነሰ መረጃ ነው፣ ከመረጃው አንዱ ጥቅም ደግሞ የዓመቱ ቁጥር ነው፣ ስንት ዓመት እንደገዛ ምናውቀው በዋናነት ከጠጁ ማሰሮ ነው እንግዲህ። ሽቶና ቅባት የነበሩባቸውን ዕቃዎችም ልብ በሉ፣ ሌቦች ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጊዜ ገብተው ከወሰዱት አንዱ እሱ ነው፣ ካርተር አንዱ ዕቃ ውስጥ የሌባውን የጣት ምልክት ቅባቱ ላይ እንዳለ አግኝቶታል። በጨርቅ የቋጠሩትን የወርቅ ቀለበት ደግሞ ጥለው ሄደዋል፣ ምናልባት ተይዘው፣ ምናልባት ደንግጠው።

ወንበሮቹ ውስጥ ያን ታዋቂ የወርቅ ዙፋን ስትደርሱ ጀርባ መደገፊያውን ብቻ አትዩ። ሥዕሉ ሚስቱ ቅባት ስትቀባው ነው፣ ከበላያቸው ግን እጅ ያላቸውን ጨረሮች ሚዘረጋ የፀሐይ ክብ አለ፣ አተን ነው፣ የተከለከለው የአባቱ አምላክ። ወንበሩ ላይ ሁለቱም ስሞቹ አሉ፣ ቱታንካተንም ቱታንካሙንም። አገሩ ሁሉ ሃይማኖት ሲቀይር ያ ወንበር አልተጣለም፣ ለምን እንደሆነ የየራሳችሁን ገምቱ።

አሁን ወደ ወርቁ ሂዱ። አራቱ ወርቅ የተለበጡ ትላልቅ የእንጨት ቤቶች አንዱ በአንዱ ውስጥ ነበሩ፣ በውስጣቸው የድንጋዩ ሣጥን፣ በሱ ውስጥ ሦስት የሬሳ ሣጥኖች፣ የመጨረሻው 110 ኪሎ ጥፍጥፍ ወርቅ። ቤቶቹን ሲገጣጥሟቸውም ተሳስተዋል፣ በሮቹ ወደ ምዕራብ መዞር ሲገባቸው ወደ ምሥራቅ ዞረው ነው የተገኙት፣ ያው ጥድፊያ። ሣጥኑ ላይ ግንባሩ ጋ ትንሽ የአበባ ጉንጉን ታስራ ነበር፣ የወይራ ቅጠልና ሰማያዊ የሜዳ አበባ። ካርተር ራሱ ከዛ ሁሉ ግርማ መሐል በጣም ልቡን የነካችው እሷ እንደሆነች ጽፏል። ለሳይንቲስቶቹም ጠቅማለች፣ ከሬሳው ጋር የነበሩት አበባና ፍሬዎች ሚገኙበትን ወቅት አይተው ቀብሩ መጋቢት ወይ ሚያዝያ ገደማ እንደነበር ገምተዋል።

እሺ፣ ጭምብሉ። 54 ሴንቲ ሜትር፣ 10 ኪሎ ገደማ ወርቅ። ፊት ለፊት ያለውን ወረፋ ተዉትና መጀመሪያ በጀርባው ዙሩ፣ ትከሻና ጀርባው ላይ እያንዳንዱን የፊት ክፍል ከአንድ አምላክ ጋር ሚያመሳስል ጸሎት ተቀርጿል፣ ከኋላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰው የለም። ጆሮዎቹን እዩ፣ የተበሱ ናቸው፣ በዛን ዘመን አዋቂ ንጉሥ የጆሮ ጌጥ አድርጎ አይሣልም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ለሌላ ሰው፣ ምናልባትም ለንግሥት ተሠርቶ ይሆን ሚል ክርክር አለ፣ ሆድ ዕቃው የተቀመጠባቸው ትንንሽ የወርቅ ሣጥኖች ውስጥ የሌላ ሰው ስም ተፍቆ የሱ መጻፉ ደግሞ በርግጥ የታወቀ ነው። ጢሙንም ልብ በሉት፣ በ2014 ተነቅሎ በተራ ማጣበቂያ ለጥፈውት ዓለም ሁሉ ሲሳለቅ ነበር፣ በኋላ ጀርመናዊ ባለሙያ በሥርዓት መልሶታል። ከዛ ፊት ለፊት ዞራችሁ ቁሙ። አሁን ምታዩት ሰው ስለሆነ ወርቁ ብቻውን አይታያችሁም።

ግብፅ መሄድ የማትችሉ፣ አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ወይ ዱባይ ያላችሁ፣ የቱታንካሙን ኤግዚቢሽን ማስታወቂያ ስታዩ ትኬት ሳትቆርጡ ጽሑፉን አንብቡ። በ1972 ለንደን ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው የተሰለፈበት፣ በ2019 ፓሪስ 1.4 ሚሊዮን ሰው ያየው ዋናው ዕቃ ነበር። አሁን ሚዞሩት ብዙዎቹ ቅጂ ናቸው ወይ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሚበራ ቪዲዮ። ለልጆች ይሆናል፣ አልቃወምም፣ ዋናውን ያያችሁ እንዳይመስላችሁ ብቻ።

ካይሮ ውስጥ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ፎስጣጥ ያለው የሥልጣኔ ሙዚየም ሂዱ፣ የነገሥታቱ ሬሳዎች ከ2021 ጀምሮ እዛ ናቸው። ከነሱ መሐል ቲዬ ሚሏትን ንግሥት ፈልጓት፣ ፀጉሯ እስከዛሬ ትከሻዋ ላይ ነው። የአኬናተን እናት ናት፣ የልጁ አያት። ከመቃብሩ ከወጡት ዕቃዎች አንዱ ስሟ የተጻፈባት ትንሽዬ ሣጥን ናት፣ ውስጧ የተጠቀለለ ፀጉር ነበር። የሬሳ አዳራሹ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ሞባይላችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ግቡ።